ግልባጭ

ቁጥር፦ የለውም። ቀን፦ ዝናቡ ያባራ ለት።
ለ፦ የሚያነብ ካለ፤ ከሌለም ለመዝገብ ቤት።
ጉዳዩ፦ ስለ መልእክት።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣
ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምውለው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገቢና ወጪ ስጽፍ፣
ሊፍቱ ሦስቱን ሠርቶ አሥራ ስድስቱን ሲያርፍ።

አቶ ጉደታ አይጽፉም። ስልክ ያነሳሉ።
“እንደዚያ አድርጊ” ይላሉ፤ ኋላ “መቼ ወጣኝ?” ብለው ይምላሉ።
ድምፅ ቀለም የለው፣ ማኅተም አያርፍበት፤
ገመድ ለገመድ ወርዶ ለገሃር ሲደርስ ማን ይመሰክርበት?

ኪሮስ ግን ኢሜይል ያትማል፤
አትሞ ያስፈርማል፣ አስፈርሞ ይበሳል፣ በስቶ ፋይል ያደርጋል።
“እሳት ቢነሳ” ይላል፣ “ወረቀት ይመሰክራል።”
መጀመሪያ የሚነደው ወረቀቱ እንደሆነ ማን ይነግረዋል?

ዝማምና ሉሊትን የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ነው።
ድሮ አንዷ ስታስነጥስ የሌላዋ “ይማርሽ” ቀድሞ ነበር የሚሰማው።
አሁን በደብዳቤ ነው ነገሩ፤ በቁጥር፣ በቀን፣ በማኅተም፣
ግልባጭ ለሥራ አስኪያጅ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ለኦዲት ክፍልም።
አቤት ግልባጭ! የላዩን ሰላምታ የታቹ ይገለብጠዋል፤
“ውድ እህቴ” ብሎ የጀመረ ወረቀት ግርጌው ላይ ያሳጣል።

የቴሌግራሙ ግሩፕማ “ቤተሰብ” ነው ስሙ፤
አበባ ይዘንባል ባንድ ጣት፣ “ይማራቸው” ይባላሉ የታመሙ።
ስለ ሥራ የጠየቁ ለት ግን፣ ሠላሳ አንድ ሰው አይቶ
ጸጥ ይላል፤ ጭልፊት እንዳየ ጫጩት ተጠጋግቶ።

ታዲያ ሲስተም ተገዛ። ምህረተአብ መጣ፣ ላፕቶፕ ይዞ፣
ሦስት ቀን አሠለጠነን፣ አምቦ ውኃና ኩኪስ ታዝዞ።
“ከእንግዲህ ወረቀት የለም፤ ሁሉም ሰው” አለ “የይለፍ ቃል ይኖረዋል።”
(ኪሮስ የይለፍ ቃሉን አትሞ፣ በስቶ፣ ፋይሉ ውስጥ አኑሮታል።)

ሁሉም ሰው፤ ከጋሽ ደግአረገ በቀር።
እሱ ተላላኪ ነው። የማስፈረሚያ ደብተር በብብቱ፣ እስክሪብቶ በክር።
አንዳንዱን ደብዳቤ ይዞ ያድራል። ስጠይቀው፣
“ዛሬ ፊቱ ልክ አይደለም” ይለኛል፤ “ነገ ቢያነበው።”
አንዱን በር ላይ ይሰጣል፣ አንዱን ከምሳ በኋላ፣
አንዱን ደግሞ ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ
ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ጠብቆ።

ሐሙስ ዕለት ሲስተሙ ላይ አንድ መልእክት በራ፦
“የተላላኪ የሥራ መደብ ታጥፏል።”
ሠላሳ አንድ ሰው ከፈተው፤ ማንም ከማንም አላወራ።
መግቢያ የሌለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ብቻ ነው ያልሰማ፤
ደረጃውን ወጥቶ መጣ፤ “የሚሄድ አለሽ?” አለኝ፣
ትንፋሹ ከኮሪደሩ ጫፍ እየተሰማ።

አተምኩት። አዎ፣ እኔም። መሳቢያዬ ውስጥ አስተኛሁት።
ዓርብ ፊቱ ልክ አልነበረም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ አለፍኩት።
ሰኞ ሻይ አዘዝኩለት። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ገባው።
ደብተሩን ራሱ ገለጠ፤ ተራ ቁጥር ሰጠው፤
“አስረካቢ” በሚለው ሥር ስሙን ጻፈ፤
“ተቀባይ” በሚለውም ሥር ስሙን ጻፈ።
ሁለት ፊርማ፣ አንድ እጅ። እስክሪብቶው ከነክሩ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ።

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው።
ከየስሙ ጎን፣ በእርሳስ፣ ጉንዳን የሚያክል ጽሕፈት አለው፦
“ጉደታ፦ ስልክ ይዘው ከሆነ ተመለስ።”
“ኪሮስ፦ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ላይ አኑርለት።”
“ዝማም፣ ሉሊት፦ ለየብቻ። ሁለቱም ያለቅሳሉ።”

የኔን ፈለግኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር፦
“መዝገብ ቤት፦ ለሷ የሚመጣ ደብዳቤ የለም።
ቢሆንም ጎራ በል።”

ከሰላምታ ጋር።